የወንድሜ የክርስትና ስም

ከአዳማ እስከ አዋሽ ድረስ ገሃነምን የማይፈራ አንድ ወንድ ፈልጉ ብትባሉ ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ እኔ ነኝ። ይህን የምለው በጉራ አይደለም፣ በሥራ ልምድ ነው። ሞንታርቦ አከራያለሁ። በዚህ ከተማ የተሰበከ ሲኦል ሁሉ በእኔ ድምፅ ማጉያ ነው ያለፈው። ኦርቶዶክሱ ጉባኤ ሲያዘጋጅ ከእኔ ይከራያል፤ ጴንጤው ኮንፈረንስ ሲኖረው ከእኔ ይከራያል። ትሉን፣ እሳቱን፣ የጥርስ ማፋጨቱን ከፍ ዝቅ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሰባኪው እሳቱ ላይ ሲደርስ ጎርናናውን ድምፅ ትንሽ ጨመር ሳደርግለት ከፊት የተቀመጡት ምእመናን ከነወንበራቸው ሲንቀጠቀጡ አይቻለሁ። ወጡን የሚያማስል ሰው ደግሞ ወጡን አይፈራም።

ቀልደኛም ነኝ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር እኔ የተቀመጥኩበት ጥግ ሰው ነጠላውን አፉ ውስጥ ወትፎ ይስቃል። ስለ ገሃነም የተለመደችው ቀልዴ ይቺ ነበረች፦ «አዳማን በሚያዝያ የኖረ ሰው እዚያ ሲደርስ ጋቢ ይጠይቃል።»

ይቺን ቀልድ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርኳት ለታናሽ ወንድሜ ለግርማ ነው፤ በሞተበት ቀን።

ወንድሜ ክፉ ሰው ነበር። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። ደላላ ነበር፤ የቤት ወይም የመኪና ደላላ ግን አይደለም። ልጃገረዶችን ከየገጠሩ እየሰበሰበ፣ «ዐረብ አገር ትሄዳላችሁ» እያለ፣ በረሃውን ለሚያሻግሩ ሰዎች ያስረክብ ነበር። የደረሱ አሉ። ያልደረሱም አሉ። ስላልደረሱት ሲጠየቅ «እኔ የማውቀው እስከ መኪናው ድረስ ነው» ይላል፤ ይህን ሲል ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው። ማንም አልከሰሰውም፤ የከሰሰውም ምስክር አላገኘም። በስተመጨረሻ የያዘው ጉበቱ ነው።

የሞተ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ነበርን። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ለመሳቅ እንደሚዘጋጅ ሰው አፉን ከፈት አድርጎ ኮርኒሱን ሲያይ ቆየ።

«ፍቅሩ» አለኝ።

«አቤት።»

«እውነት አለ?»

«ምኑ?»

«ሲኦል።»

ቀልዴን ነገርኩት። አልሳቀም። ግርማ በእኔ ቀልድ ሳይስቅ ሲቀር አይቼ አላውቅም ነበር። «ውሃ ስጠኝ» አለ። አንገቱን ደግፌ አጠጣሁት። ጥቂት ተጎነጨና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ዐረፈ። ዐረፈ የሚለውን ቃል እንኳ ስጽፈው እጄ ይጠራጠራል።

ቀብሩ በማግስቱ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። የደብሩ ቄስ ዘንድ ሄድኩ፤ አባ ወልዴ ይባላሉ፣ ቀልድ የማይገባቸው ሽማግሌ ናቸው።

«የንስሐ አባት ነበረው?» አሉኝ።

«አልነበረውም፣ አባ።»

«ይጾም ነበር?»

«ሥጋ ሲወደድ።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ወዲያው ዓይኔን ሰበርኩ። «ከባድ ነው» አሉ፣ «ግን የተጠመቀ ክርስቲያን ነው፤ ፍትሐት አንነፍገውም። የእኛ ድርሻ መጸለይ ነው፤ ምሕረቱ የእግዚአብሔር ነው። የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። ቤተ ክርስቲያን ሙታኗን ስትሸኝ ግርማ ወይም ፍቅሩ እያለች አትጠራም። በተጠመቅንበት ቀን በተሰጠን ስም ነው የምትጠራን። ያንን ስም እናት ታውቀዋለች፣ የንስሐ አባት ያውቀዋል፣ የተክሊል ቀን ቄሱ ያውቀዋል። እናታችን ሞታለች፤ ግርማ ንስሐም ተክሊልም አያውቅም። እኔ የሱ ክርስትና ዕለት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ድፎ ዳቦውን ብቻ ነው።

«አላውቀውም፣ አባ» አልኩ።

«እግዚአብሔር አይሳሳትም፤ ያውቀዋል። እኔ ግን ማንን ብዬ ልጥራ? ፈልገህ አምጣ።»

ስሙን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ እንደቀረ እቤት ስደርስ ተገለጠልኝ። የተወለድነው አቦምሳ ነው። የግርማ የክርስትና አባት አቶ ደበሌ ድሮ ሞተዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ግን አሉ። እትዬ ዘነበች አንዲት የመጨረሻ ልጅ ነበረቻቸው፤ ሰናይት ትባላለች። በክርስትና የግርማ እህት ናት። ካልደረሱት አንዷ እሷ ናት። የላካት ግርማ ነው።

ደወልኩ። «እትዬ ዘነበች፣ ፍቅሩ ነኝ፣ የአዳማው። ግርማ ሞተ» አልኩ። ዘጉብኝ። ብደውል ብደውል አላነሱም።

በማለዳ ከሚስቴ ወንድም ከታምራት ጋር ተነሳን። ታምራት የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ጴንጤም ነው፤ መሪውን ሲይዝ ደግሞ ሰባኪ ነው። ወለንጪቲን ሳናልፍ ጀመረኝ።

«ጋሼ፣ ባትቀየመኝ አንድ ነገር ልበል?»

«ብትል ባትል እቀየማለሁ፤ በል።»

«ሰው ከሞተ አለቀ። ስሙን ብታገኘውም ባታገኘውም የወንድምህ አድራሻ አይቀየርም። ያ ሀብታም እንኳ በጣት ጫፍ ውሃ ለምኖ አልተሰጠውም።»

«ታዲያ ለምን ትነዳልኛለህ?»

«እህቴ አዝዛኝ ነዋ።»

ሳቅን። ያን ቀን የሳቅነው እሱኑ ብቻ ነው።

ከዋናው መንገድ ታጥፈን፣ አዋሽን ተሻግረን ወደ አርሲ ሽቅብ ስንወጣ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። አዛኝ ፊት፣ ትንሽ እንባ፣ ከዚያ ለዘብ ያለች ጨዋታ። በዚህ አፌ ስንት አኩራፊ ሙሽራ አስታርቄያለሁ።

እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ቀይ ሽንኩርት ከምረው የበሰበሰውን ከደህናው ሲለዩ አገኘናቸው። ከስተዋል። «አከም ጂርቱ፣ እትዬ» አልኩ በኦሮምኛ፣ በሁለት እጄ እየጨበጥኩ፤ እናታችን ሰላም የምትላቸው እንደዚያ ነበር።

«ተቀመጥ፣ ጥላ ውስጥ ግባ» አሉኝ በአማርኛ። እጃቸው ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። «በምን ሞተ?»

«ጉበቱን ነው።»

«አልጋ ላይ?»

«አልጋ ላይ።»

«ሰው ነበረ አጠገቡ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ውሃ ጠጣ?»

ጥያቄው አልገባኝም። «ጠጥቷል፤ እኔው ነኝ ያጠጣሁት» አልኩ፣ ደግ ወንድም ለመባልም ጭምር።

እጃቸው ቆመ። «ሰናይት አልጠጣችም» አሉ። «አብራት የነበረች ልጅ ተርፋ መጥታ ነገረችኝ። አሻጋሪዎቹ በረሃው መሃል አውርደው፣ ውሃውን ከነጀሪካኑ ይዘውባቸው ሄዱ። መጨረሻ ላይ ምላሷ አፏ ውስጥ አልገባ ብሎ ነበር አለችኝ።»

ለሁሉ ነገር ቀልድ አለኝ እላለሁ። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ግን ስሜን እንኳ በቅጡ የምናገር አልመሰለኝም። «ለስሙ ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አልኩ።

«ትናንት ስትደውል ገብቶኛል።»

«ያስታውሱታል?»

«ቄሱ ሁለት ስም ጠሩ፤ ይሄኛው ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። እንዴት እረሳዋለሁ?»

«እንግዲያውስ ይንገሩኝ።»

«ስነግርህ ምን ይሆናል?»

«ፍትሐት ይደረግለታል።»

«ከዚያስ?»

«ምናልባት ይማራል።»

«ምናልባት ይማራል» ብለው ደገሙት። አንድ ሽንኩርት ጫን አድርገው ይዘው ቆዩና ከበሰበሰው ጋር ጣሉት፤ የበሰበሰ ግን አልነበረም። «ፍቅሩ፣ እኔ ውሃ በጠጣሁ ቁጥር የምጸልያት አንዲት ጸሎት አለችኝ። ይጠማው እላለሁ። ሌላ አልጨምርም። አሁን እንግዲህ ሞተ፤ ጸሎቴ የሚሰማበት ቀን ደረሰ። አንተ ደግሞ ስሙን ስጪኝና ላጠጣው ትለኛለህ።»

ታምራት ከበሩ ላይ ሆኖ «እማማ፣ ይቅር ማለት እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ይቅር ማለትን አውቀዋለሁ፣ ልጄ» አሉት ሳይቆጡ። «ስለማውቀው ነው መቁረብ የተውኩት። ይቺን ጸሎት ይዞ ሥጋ ወደሙ አይቀበሉም። ስለዚህ እኔም እዚያው ነኝ የምወርደው፤ ተስማምቼ ጨርሻለሁ። እዚያ ሳገኘው የት እንዳወረዷት እጠይቀዋለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስሙን ብሰጥህና ቢማር፣ እኔ እዚያ ማንን ልጠይቅ ነው?»

ስንት ዓመት የሲኦልን ድምፅ ሳስተካክል ኖሬያለሁ። ሰው እዚያ ቀጠሮ እንደሚይዝ ግን አልሰማሁም ነበር።

«ለሰናይት ፍትሐት አስደርገዋል?» አልኩ።

«አላስደረግኩም። ስሟን ለቄስ ብሰጥ ሞታለች ያልኩት እኔ መሆኔ ነው።»

ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነበር። ታምራት ሰዓቱን አሳየኝ። ልሰናበት ስነሳ እሳቸውም ተነሡ፤ እጃቸውን ተለቃልቀው ነጠላቸውን አመጡ።

«እመጣለሁ» አሉ።

«ሊነግሩኝ ነው?»

«ለቄሱ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ወይም አልነግራቸውም። እስክደርስ አላውቅም።»

መንገዱን ሁሉ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ መኪናው ሲዘል «አሁን ስሙን ይናገራሉ፣ አሁን መልሱኝ ይላሉ» እላለሁ በልቤ። ወለንጪቲ ላይ ቆመን የታሸገ ውሃ ገዛን፤ ሙቀቱ ጎማ ያቀልጣል። ከፍቼ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይጠጡ እንጂ፣ እትዬ፤ ከንፈርዎ ደርቋል።»

«ዛሬ ከጠጣሁ ያቺ ጸሎት ትመጣብኛለች። ቀብሩ ይለፍ።»

ትንሽ ቆይተው ታምራትን «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አሉት። «ሰው ከሞተ ወዲያ ይማራል?»

ያ ጠዋት በወንድሜ ላይ ፈርዶ የጨረሰው ታምራት በመስታወቱ አያቸው። መሪውን አጥብቆ ያዘ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ እማማ» አለ።

«እሱማ ያውቃል። ያላወቅኩት እኔ ነኝ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ አስከሬኑ ቀድሞን ገብቶ ነበር። ሰው ጥቂት ነው፤ ከመጣውም ግማሹ የእድር ቅጣት ፈርቶ ነው። የሚያለቅስ የለም። ደረት የሚመታ የለም። «ነፍስ ይማር» የሚለውም ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ ተለይተው ከሳጥኑ ራስጌ ትይዩ ቆሙ። ማንነታቸውን ያወቁ ሁለት ሴቶች ተያዩና መንገድ ለቀቁላቸው።

አባ ወልዴ መስቀሉን ይዘው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ስሙ ተገኘ?»

ወደ እትዬ ዘነበች ተመለከትኩ። አባም የዓይኔን አቅጣጫ ተከትለው ተመለከቱ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ።

እትዬ ዘነበች አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ዘጉት። ጉሮሯቸው ወጣ ወረደ ሲል አየሁ። ሳጥኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ዲያቆኑ ጥናውን ይዞ ይጠብቃል። ጠበቅን።

«ኃይለ ሚካኤል» አልኩ እኔ።

አባ ራሳቸውን ነቅንቀው ጀመሩ። ግዕዝ አላውቅም፤ ነገር ግን በዜማው መሃል በየተወሰነው ቦታ ስሙ ሲመጣ ማንም ይሰማዋል። ለነፍሰ ገብርከ ኃይለ ሚካኤል። ሳጥኑን ያጥናሉ፤ ኃይለ ሚካኤል። ይዞራሉ፤ ኃይለ ሚካኤል። በተጠራ ቁጥር ጀርባዬን አንድ ነገር ይነካኛል። ኃይለ ሚካኤል የእኔ የክርስትና ስም ነው።

ወንድሜን ግርማን ማንም ሳይጠራው ቀበርነው።

እትዬ ዘነበችን በር ላይ ደረስኩባቸው። ጠርሙሱ እጃቸው ላይ ነው፤ አሁን ግማሹ ተጠጥቷል።

«ያ የሱ ስም አይደለም» አሉኝ።

«አይደለም።»

«ያንተ ነው። ያንተም ክርስትና ዕለት ነበርኩ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ዞረው የመቃብሩን አፈር አዩት። «ልናገር ነበር» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ልናገር ነበር፣ ፍቅሩ። ሳጥኑን ሳየው ልጅ ሆኖ ታየኝ። ስሙ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጉሮሮዬ ደርቆ እምቢ አለኝ፤ ምራቄን እየዋጥኩ ነበር። አንተ ቀደምከኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ። «አሁን ይንገሩኝ። አባ አልሄዱም፤ እንደገና ያደርጉለታል። እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

ወደቅኩም። ያዳማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀልድ የመሰለው ሰው እንኳ ነበረ፤ ከኋላዬ አንዱ ሲስቅ ሰምቻለሁ።

«ተነሥ» አሉኝ። «አሁንማ አልችልም። አንዴ ነው የመጣልኝ።»

ታምራት ላድርስዎት ቢላቸው እምቢ ብለው በእግራቸው ወደ መናኸሪያው አቀኑ።

በአርባው አቦምሳ ሄድኩ። ከዚያም ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ምሳ ያበሉኛል፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንጨዋወታለን፤ ስሙን ሳነሳ ውሃቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው ሽንኩርታቸውን ይለያሉ። አንድ ቀን ብቻ «ስሙን ስፈልገው ጥማቷ ትቀድመኛለች» አሉኝ። ባለፈው ክረምት ሞቱ። ቆርበው ይሁን ሳይቆርቡ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስሙም አብሯቸው ተቀበረ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችሁ በዚህ ነገር ላይ ቁርጥ ያለ መልስ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አባ ወልዴ መልስ አላቸው። የታምራት ፓስተር መልስ አለው፤ ባለፈው እንኳ በእኔው ሞንታርቦ ሲናገረው ነበር፤ እኔም ድምፁን ቀነስኩበት፤ ምእመናኑ «አይሰማም» ብለው ጮኹብኝ። እኔ የምላችሁ ይቺን ብቻ ነው። ያን ቀን በአንዲት ሚኒባስ እኔና እትዬ ዘነበች ሁለት ጸሎት ይዘን ተሳፍረን ነበር። ገሃነም ከሌለ ሰናይት ውሃ እንደጠማት በከንቱ ቀረች፤ ካለ ደግሞ ያ አንገቱን ደግፌ ያጠጣሁት ወንድሜ ውሃ እየለመነ ነው። የሁለታችን ጸሎት አንድ ላይ ሊሰማ አይችልም። የእሳቸው ይሰማ እንዳልል ወንድሜ ነው። የእኔ ይሰማ እንዳልልም ያቺን ምላስ አስባለሁ። ስለዚህ መጸለዩን ትቻለሁ። ቀልዱም ቀርቷል፤ ሰርግ ላይ ሲጠሩኝ ዕቃውን ተክዬ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ሰፈር ውስጥ የሆነውን የሰሙ ሰዎች ያመሰግኑኛል። «የራሱን ስም ለወንድሙ ሰጠ፤ እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል?» ይላሉ። ሚስቴም እንደዚያ ነው የምታምነው። ዝም እላለሁ።

እውነቱን ግን እናንተ እወቁት። አባ ስሙን ጠይቀውኝ፣ እትዬ ዘነበች አፋቸውን ሲዘጉ፣ ወንድሜን አላሰብኩም። ያሰብኩት፣ ይህ ሁሉ ጸሎት ባለቤት አጥቶ በከንቱ ሊሄድ ነው፣ እንግዲያው ለእኔ ይሁን፣ የሚል ነው። ሳጥኑን ሳይ ፈርቼ ነበር። ስሜን የተናገርኩት ለራሴ ነው።